የሐምሌው ሥራ የሚያዘው መስከረም ላይ ነው

ሐምሌ ሲገባ በወሎ፣ በጦሳ ግርጌም ሆነ በላስታ ተራሮች፣ ችግኝ የጫነ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ሰው በነቂስ ወጥቶ ይተክላል። በዚያው ሳምንት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ወደ ወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጎራ ይሉና «በአረንጓዴ ልማት ተደራጅተን መሥራት እንፈልጋለን» ይላሉ። ፍላጎታቸው እውነተኛ ነው፤ የመጡት ግን ዘጠኝ ወር ዘግይተው ነው። አይሱዙው ላይ ያለው ጥድ ዘሩ የተዘራው ባለፈው ጥቅምት ነው። አፈሩን የደባለቀው፣ ፕላስቲኩን የሞላው፣ በጋውን ሙሉ ውኃ ያጠጣው ሌላ ሰው ነው። የቀረው ሥራ መትከል ብቻ ነው፤ መትከል ደግሞ በአብዛኛው በዘመቻ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው።

ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ ያደረገችው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የጀመረው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ነው። ወሎ ግን ይህን ሥራ የጀመረው ከሁለቱም በፊት ነው። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከን፣ አልቡኮ ውስጥ ማይባር ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካበት የቆየው የምርምር ጣቢያ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት የተቆፈረው ስንት ኪሎ ሜትር እርከን፣ ሁሉም የዚህ አገር ሰው እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሙያ የለም» የሚለው ምክንያት ለወሎ አይሠራም። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፦ ሙያውን የሚመሰክር ወረቀትና ጊዜውን ቀድሞ መያዝ።

ጊዜው ለምን ችግር እንደሚሆን በደንብ ላስረዳ። ዛፍ የራሱ ዓመት አለው፤ ቢሮም የራሱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ ግዥ እስኪጀመር መስከረምና ጥቅምት ይደርሳል፤ ሲዘገይ ደግሞ ጥር። ጥድና ወይራ ግን ከዘር እስከ ተከላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ይፈልጋሉ። ችግኝ ሊያቀርብ ጥር ላይ ውል የፈረመ የወጣቶች ማኅበር ጥድ ማድረስ አይችልም፤ ያለው ምርጫ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ ወይም ግራር ነው። ብዙ ተራራችን ላይ አገር በቀል ዛፍ የሚያንሰው ሰው ስለማይፈልገው ብቻ አይመስለኝም፤ ውሉ ሲፈረም የጥዱ ጊዜ አልፎ ስለሚገኝም ነው። ሌላው ወጥመድ መጨረሻው ላይ ነው። ተከላው ሐምሌ ላይ ስለሚውል ርክክቡም ሐምሌ ላይ ከሆነ ውሉ የተፈረመበት በጀት ተዘግቷል። ማኅበሩ ችግኙን አስረክቦ ገንዘቡን ለወራት የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔውን በቦታው እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ነሐሴ ላይ ይለቅ፤ ቢያንስ እስከ መስከረም አጋማሽ። የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ ይዞ በቀበሌው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ ይቀድማል። ቀጥሎ አባላቱ ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጽፋሉ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ከዚያ የንግድ ምዝገባ፣ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በመጨረሻም በጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ። ደንቡን ከሌላ ማኅበር ገልብጦ ስም ቀይሮ ማስገባት የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ማኅበር የሚፈርሰው ደንቡ ዝም ባለባቸው ሦስት ነገሮች ነው፦ አባል ሥራ ሲቀር ስንት ይቆረጥበታል፣ አባል ሲለቅ ድርሻው እንዴት ይሰላል፣ ከሽያጩ ስንቱ ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና ፕላስቲክ ይቀመጣል። ሦስቱም በቁጥር ይጻፉ።

ስለ ፊርማው አንድ ነገር። በችግኝ ጣቢያ ፕላስቲክ የሚሞሉት፣ የሚያዛውሩት፣ የሚያርሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በአባልነት ዝርዝሩና በቼኩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የወንድ ስም ነው የሚገኘው። እህቶች በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን በአባልነት ይመዝገቡ፣ ከሦስቱ ፈራሚዎችም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ይህ ለሴቶች የሚደረግ ውለታ አይደለም። ችግኙ መቼ እንደተጠማ የሚያውቀው ሰው ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣም መወሰን አለበት።

ስለ ብድር። በተዘዋዋሪ ብድር ብዙ ጊዜ ከሚጠየቀው ገንዘብ 20 በመቶ ቀድሞ መቆጠብ ያስፈልጋል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው፤ ብዙው የወሎ ማኅበር መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ቁጠባው በአንድ ቀን አይሞላም፤ ስድስት ወር ከጠየቀ ደግሞ የዘር ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት በብድር ላይ የቆመ ዕቅድ አትያዙ፤ በአባላት መዋጮ የሚሸፈን 5,000 ወይም 10,000 ችግኝ ይዛችሁ ጀምሩ። ወለድ የማይወስዱ ወገኖች በወሎ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ሙራባሃ የሚባለው አሠራር ይሆናል፦ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ በረጅም ክፍያ ይሸጥላችኋል። ለዚህ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የዕቃ ፕሮፎርማ ነው የሚቀርበው። የውኃ ፓምፕ፣ ቀፎ፣ የማር ማጣሪያ በዚህ ይገዛሉ፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን በዚህ አይከፈልም።

አሁን ወደ ችግኙ፤ ይኸኛው ዘርዘር ይበል።

ለ10,000 የደን ችግኝ የሚያስፈልገው ቦታ ሰው እንደሚገምተው ሰፊ አይደለም። ተዘርግቶ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ በ15 ሳንቲ ሜትር እየተቆረጠ ሲሞላ ዲያሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ350 እስከ 400 ይደረደራል። መደቡ 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ሦስት መደብ ይበቃል፤ በመካከል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተው። ከ1 ሜትር የሰፋ መደብ መሐሉ ላይ እጅ ስለማይደርስ ሳይታረም ይቀራል። አፈሩ 3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 3 ተኩል አዘጋጁ። ውኃው በበጋ በቀን ከ300 እስከ 400 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ15 እስከ 20 ማለት ነው። ይህንን በየቀኑ ከወንዝ መሸከም ለሁለት ሳምንት ይቻል ይሆናል፤ ከጥር እስከ ግንቦት ግን አይቻልም። ስለዚህ መሬት ስትጠይቁ ለመንገድ ከሚቀርበው ይልቅ ለውኃ የሚቀርበውን ምረጡ። ምንጩንም ሚያዝያ ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ መስከረም ላይ የማይፈስ ምንጭ የለም።

የአፈሩ ድብልቅ መነሻ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ደላንታ ወይም ጃማ ዓይነት ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ አሸዋው ወደ ሁለት እጅ ይጨምር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መረሬ ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፤ ውኃው በግድግዳው ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላዩ ርሶ ይታያል፣ ሥሩ ግን ደረቅ ነው። ድብልቁ ልክ መሆኑን ለማወቅ እርጥቡን አፈር በጭብጥ ጨምቁት። እጅ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በጣት ሲነካ ደግሞ ይፈረፈራል። ሳይፈረፈር እንደ ሊጥ ከቆየ አሸዋ ይጨመር፤ ገና እጅ ሲከፈት ከተበተነ አሸዋው በዝቷል። ያልበሰለ ፍግ አታስገቡ፤ ይሞቅና ለጋውን ሥር ያቃጥላል፣ ቃሉና ባቲ አካባቢ ደግሞ ምስጥ ይጠራል።

ዘር። የኢትዮጵያ ደን ልማት ዘር ያቀርባል። ራሳችሁ ከሰበሰባችሁ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጆንያ ሞልታችሁ አትምጡ፤ እርስ በርሳቸው 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ከተራራቁ ከ25 እስከ 30 እናት ዛፎች ጥቂት ጥቂት ይሰብሰብ። ከአንድ ዛፍ የመጣ ችግኝ ሁሉ ወንድማማች ስለሆነ አንድ በሽታ ሲመጣ አብሮ ይወድቃል፤ ኋላ እርስ በርሱ ሲዳቀል ደግሞ ዘሩ ይደክማል። በወሎ ያረጁ ጥድና ወይራዎች ያሉት በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየመስጊዱና በየመካነ መቃብሩ ዙሪያ ነው። አስፈቅዶ መግባት ግዴታ ነው፤ እንደ ይጎፍ ያለ የመንግሥት ደን ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን።

የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። የፈላ ውኃ ከእሳት ወርዶ ይፈስበታል፣ በዚያው እየበረደ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው ይደገማል። እሳት ላይ አብሮ ማፍላት ግን ይገድለዋል። የወይራ ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አጥንቱ ውስጡ ሳይጎዳ በቀስታ ሲሰነጠቅ በቶሎ ይበቅላል። ዋንዛም ሥጋው መታጠብ አለበት። ጥድ ብዙው ዘሩ ባዶ ስለሆነ አበቃቀሉ ዝቅተኛና አዝጋሚ ነው፤ አብዝቶ መዝራት ያስፈልጋል። ግራቪሊያ በመጋዘን ሲቆይ ስለሚሞት የዘንድሮ ዘር ብቻ ይወሰድ። ኮሶ ደቃቅ ስለሆነ በመደብ ላይ ተዘርቶ ኋላ ወደ ፕላስቲክ ይዛወራል።

የመዝሪያ ጊዜው ከሐምሌ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይያዛል፦ ጥድና ወይራ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ ግራቪሊያ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር፣ ባሕር ዛፍ ጥርና የካቲት፣ ግራር መጋቢት። እንደ ደላንታና መቄት ባለ ደጋ ላይ ብርዱ ዕድገቱን ስለሚያዘገይ ሁሉም አንድ ወር ቀደም ብሎ ይዘራ። ውርጩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሚበረታ ከመደቡ በላይ የሚሠራው የሣር ዳስ ማታ ማታ እንዳይነሣ።

ብዙ ችግኝ የሚበላሸው በማዛወሩ ሰዓት ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይቆይ አይታይም። ቡቃያው ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ መደቡ በደንብ ከረጠበ በኋላ ይነሣል። የሚያዘው በቅጠሉ ነው እንጂ በግንዱ አይደለም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ለጋ ግንድ በጣት ከተጨመቀ ግን አለቀለት። እርሳስ በሚያህል እንጨት በፕላስቲኩ ውስጥ ባለው አፈር ላይ ከሥሩ ጥልቅ የሆነ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቡቃያው ጠለቅ ብሎ ይገባና ጥቂት ወደ ላይ ሳብ ይደረጋል። ያቺ ትንሽ ስበት የተጣጠፈውን ሥር ታቃናለች። ከዚያ እንጨቱ በጎን ገብቶ አፈሩ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ሥሩ እንደ መንጠቆ ታጥፎ የተተከለ ችግኝ በጣቢያው ውስጥ ያማረ ይመስላል፤ ተራራ ላይ ሲወጣ ግን ሥሩ ወደ ታች መሄድ አቅቶት በሁለተኛው በጋ ይደርቃል። ያኔ ሰው «ዝናቡ አጠረ» ይላል። መጋቢት ላይ የደረቁ ችግኞችን ነቅላችሁ ሥራቸውን ብታዩ ስንቱ በዝናብ፣ ስንቱ በእጅ እንደሞተ ትለያላችሁ።

ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ከወደቀ ውኃው በዝቷል ወይም ዘሩ ተጠጋግቷል። መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ውኃውን ወደ አንድ ጊዜ፣ ማለዳ ብቻ አውርዱ፤ ዳሱን ከፍ አድርጋችሁ ነፋስ አስገቡ፤ የታመመውን ከነአፈሩ አውጡ። ከመጋቢት ጀምሮ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ፕላስቲኩ እየተነሣ ከታች የወጣው ሥር በስለት ይቆረጥና ወዲያው ውኃ ይጠጣ። ካልተቆረጠ ሥሩ መደቡን ሰርስሮ ይገባል፣ በማስረከቢያው ቀን ሲነቀል ዋናው ሥር ተበጥሶ ይቀራል። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ዳሱ ሙሉ በሙሉ ይነሣል፤ ውኃው በየቀኑ ከመሆን ወደ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወደ ሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይወርዳል። ችግኙ ይህን ጊዜ ሊጠወልግ ቢልም አይክፋችሁ፤ ተራራው ላይ የሚያጠጣው የለም። ለማስረከብ ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመትና እንጨት የሆነ ግንድ በቂ ነው። ረጅሙን የሚመርጥ ገዢ አለ፤ በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ የረዘመ ችግኝ ግን አናቱ ለሥሩ የከበደ ነው፤ ይህንን ለገዢው በትሕትና ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው።

ከ15 እስከ 20 በመቶው መንገድ ላይ ይቀራል ብላችሁ አስቡ፤ 20,000 ለማስረከብ 25,000 ይዘራል። ዋጋ ስትተምኑም ጠቅላላ ወጪውን ለሚደርሰው ቁጥር አካፍሉ እንጂ ለተሞላው ፕላስቲክ አይደለም። ጀማሪ ማኅበራት የሚከስሩት ብዙ ጊዜ እዚህ ስሌት ላይ ነው። የጉልበት ወጪውን ለማወቅ የሌላ ሰው ቁጥር አትዋሱ፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ስንት ፕላስቲክ እንደሚሞላ በራሳችሁ አፈር ላይ ቁጠሩ።

ደግሞም አንድ ገዢ ላይ አትንጠልጠሉ። ከመደቡ ሲሶው ገበሬው በራሱ ኪስ የሚገዛው ይሁን፦ ጌሾ፣ ለደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ለቆላው ቀይ ባሕር ዛፍ፣ ተሁለደሬና ሐብሩ ላይ ደግሞ ቡና፣ ፓፓያ፣ ማንጎና አቮካዶ። ባሕር ዛፍን ለምንጭ ዳርና ለእርሻ አጥር አትሽጡ፤ ገዢው የት እንደሚተክለው ጠይቁ። የተዳቀለ አቮካዶ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። አንደኛው ማዳቀያው ከያዘ በኋላ የታሰረው ላስቲክ ሳይፈታ ቀርቶ ግንዱን ማነቁ ነው። ሁለተኛው ከዘር የበቀለውን «የተዳቀለ ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ገበሬው ውሸቱን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ፍሬ ሲጠብቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ የማኅበሩን ስም ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ችግኝ ሻጭ ሁሉ ያጠፋዋል።

ችግኝ ብቻውን አሥራ ሁለቱን ወር አይሞላም። ከተፈለገ ክፍተቱን የሚሞላ ሥራ ከዚያው ተራራ ላይ አለ። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተፋሰስ ሣርና አበባ ይሰጣል። ሣሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ከመድረቁ በፊት ይታጨዳል፤ ለዘር የሚሆን ጥብጣብ ሳይታጨድ ይቀራል። ቦታውን ስትረከቡ ካርታው፣ የመጠቀሚያው ዘመንና የሣሩ ክፍፍል ከቀበሌው ጋር በጽሑፍ ይሁን፤ ከዚያም በቅሬው፣ በሌላው አገር እድር በሚባለው፣ ፊት ይነበብ። ቀድሞ ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረ ጎረቤት ምንም ሳይደርሰው ከቀረ ማታ ማታ አጥሩ ይከፈታል፤ ማንም ጠባቂ አይችለውም። የሣሩን ድርሻ ያገኘ ጎረቤት ግን ራሱ ጠባቂ ነው። የቅሬ ዳኛ የወሰነውን ቅጣት ሰው የሚያከብረው የቢሮ ደብዳቤ ከሚያከብረው በላይ ነው።

ንቡን ከባሕላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊው ማዛወር አበባ ሲጀምር፣ መስከረም ላይ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ዘመናዊ ቀፎ አሥር ፍሬም አለው፤ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው ሰም ንጹሕ የንብ ሰም ይሁን። ሻማ የተቀላቀለበት ሰም በሙቀት ይለጠጣል፣ ንቡም አይቀበለውም፤ «ዘመናዊ ቀፎ አይሠራም» ተብሎ ዶሮ ማደሪያ የሆነው ቀፎ ሁሉ ጥፋቱ ቀፎው ላይ አልነበረም። ማር የሚቆረጠው ከማር እንጀራው ሦስት አራተኛው በሰም ሲከደን ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ውኃው ስለሚበዛ ይቦካል። የቀፎው መቆሚያ እግር ዙሪያ አመድ ወይም የተቃጠለ ዘይት ለጉንዳን ይደረግ። ደካማ ኅብረ ንብ የሰም ብል ስለሚወርሰው ከሌላ ጋር ይቀላቀል። ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒትና ሌላም የሚረጩ ገበሬዎች ሲረጩ ቀድመው እንዲነግሩና ወደ ማታ እንዲረጩ ተስማሙ፤ ከአንድ ማለዳ ርጭት በኋላ ቀፎው ደጃፍ ላይ የሚታየው የሞተ ንብ የዓመት ገቢ ነው።

ከጥር እስከ መጋቢት የተፋሰስ ሥራ ይሞቃል፤ እዚያ ውስጥ ክፍያ ያለው ሙያ ጋቢዮን፣ ማለትም በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን መሥራት ነው። ሳጥኑ 2 በ1 በ1 ሜትር፣ ቀዳዳው 8 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። ድንጋዩ ከቀዳዳው የሚበልጥ፣ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በእጅ የተደረደረ ይሁን፤ በአካፋ የተጣለ ድንጋይ ከረጋ በኋላ ሳጥኑን ያጎብጠዋል። በየሲሶው ከፍታ ፊትና ኋላውን የሚያያይዝ ሽቦ ይታሰር። ክትሩ በሁለቱም ጎን ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይግባ፣ መሐሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይበል። ይህ ካልሆነ ጎርፉ ሽቦውን አይሰብርም፤ ጎኑን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል፣ ክትሩም ደረቅ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለዓመታት በሴፍቲኔት እርከን የቀየሰ፣ በውኃ ልክ ያስተካከለ ሰው ይህን ሥራ እጁ ያውቀዋል። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ወስዶ ወረቀቱን ቢይዝ በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን በሙያተኛነት ይቀጠራል። ምዘናው ተግባር ስላለው ትምህርቱ ያነሰም ሰው ተስፋ አይቁረጥ።

ምርጥ ምድጃና ሶላር አጠር አድርጌ ልለፋቸው። ምርጥ ምድጃ በቅርጽ የሚወጣ የሲሚንቶ ሥራ ነው። ጥፋቱ ሁሌ አንድ ነው፦ ከቅርጹ በወጣ በሁለተኛው ቀን መሸጥ። ጥላ ውስጥ ለሰባት ቀን እየረጠበ ካልቆየ በሦስተኛው እንጀራ ጋገራ ይሰነጠቃል። ከመሥራታችሁ በፊት በአካባቢው ገበያ የሚሸጠውን ምጣድ በሜትር ለኩ፤ ምድጃው ለምጣዱ ካልገጠመ ሙቀቱ በዳር ይወጣል፣ የተባለው የእንጨት ቁጠባም አይታይም።

በሶላር ደግሞ ሥራው ያለው ሽያጩ ላይ ሳይሆን ጥገናው ላይ ነው፤ ከጥገናው ብዙው የሽቦ ነው። በ12 ቮልት 10 አምፒር ሲሄድ፣ ከፓኔሉ እስከ ባትሪው 10 ሜትር ቢሆን፣ 2.5 ስኩዌር (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ 1.4 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ባትሪው ሳይሞላ ይከርምና «ባትሪው ሞተ» ይባላል። 6 ስኩዌር ቢሆን የሚጠፋው 0.6 ነው። በእኛ አገር ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ ፈጽሞ ከተጋደመ አቧራና ውኃ ይተኛበታል።

«ዛፍ ለሚያስቀረው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ እናመጣላችኋለን፣ መመዝገቢያ ክፈሉ» የሚል ከመጣ አትክፈሉ። እውነተኛ ከሆነ ወጪውን የሚሸከመው አምጪው ነው።

ቀደም ብዬ ወደተውኩት ርክክብ ልመለስ። ውሉ ሲፈረም ርክክቡ «በችግኝ ጣቢያው፣ እስከ ሰኔ 20» ተብሎ ይጻፍ። ተከላው ሐምሌ ላይ ይሁን፤ ከርክክብ እስከ ጭነት ያለው ጥበቃና ውኃ የቀን ዋጋው ለብቻ ይጠቀስ። የዛፉ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ቁመቱ፣ የጭነቱ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ከመደቡ ከወጣ በኋላ የሞተው የማን እንደሆነ አብሮ ይግባ። መንገድ ቢዘጋና መኪናው ቢቀር ምን እንደሚሆንም ይጻፍ፤ በዚህ ዘመን የሚረሳ አንቀጽ አይደለም። በርክክቡ ቀን ቆጠራው በመደብ ይሁን፤ የአንዱ ካሬ ሜትር ተቆጥሮ ለሌላው መገመት ኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል። ተረካቢው ባለሙያ፣ የማኅበሩ ሁለት ሰዎችና አንድ የቀበሌ ምስክር ይፈርሙ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኙ) ወይም የርክክብ ሰነዱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በዚያው ቀን እጃችሁ ይግባ፣ የክፍያ ጥያቄው ደግሞ ሰኔ 30 ሳይደርስ ፋይናንስ ገብቶ ማኅተም ያለበት መሸኛ ይያዝበት።

መኪናው ችግኙን ጭኖ ሲሄድ የተረፈውን ፕላስቲክ ቁጠሩ፣ መደቡን አርሙ፣ የዘር መግዣውን ገንዘብ ለይታችሁ ባንክ አስገቡ። እናት ዛፎቹን ግን ፍሬ ሲይዙ ዞራችሁ እዩና በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ ጥቅምት ላይ ማን ከየትኛው ዛፍ እንደሚለቅምም ከወዲሁ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።